ከሩጫ መልስ የሚደርቅ አፍ፦ ለሯጮችና ለአሠልጣኞች

ጎህ ሳይቀድ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብለው የሚሮጡ ወጣቶች ዳገቱ ላይ ሲደርሱ የሚተነፍሱት በአፋቸው ነው። ልምምዱ ሲያበቃ ምራቃቸው ይወፍራል፣ ምላሳቸው ከላንቃቸው ይጣበቃል። ያኔ እጃቸው የሚሄደው በሃይላንድ ወደተበጠበጠው፣ ስኳር ወደበዛበት በሶ ነው። የሯጭ ጥርስ ጉዳት የሚጀምረው በዚች ሰዓት ነው።

አፋችን ውስጥ ብዙ መቶ ዓይነት ባክቴሪያ ይኖራል፤ አብዛኛው አይጎዳንም። ሚዛኑን የሚጠብቀው ምራቅ ነው፦ ስኳሩን ያጥባል፣ አሲዱን ያበርዳል፣ ለጥርስ ማዕድን ይመልሳል። ከባድ ልምምድ ምራቅን ይቀንሳል። ከ2,400 ሜትር በላይ ያለው የደጋ አየር ደግሞ ቀዝቃዛና ደረቅ ስለሆነ የቀረውን ያደርቀዋል። በደረቀ አፍ ላይ ስኳር ሲጨመር አሲድ የሚያመርቱት ባክቴሪያዎች ይበረታሉ፣ ጥርስ ይቦረቦራል።

ይህ የጀማሪዎች ችግር ብቻ አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. የለንደን ኦሎምፒክ ወደ ስፖርተኞቹ መንደር የጥርስ ክሊኒክ መጥተው በጥናት ከተመረመሩት 278 ስፖርተኞች 55 በመቶው የተቦረቦረ ጥርስ ነበራቸው። 18 በመቶው የአፋቸው ሕመም ልምምዳቸውን ወይም ውጤታቸውን እንደጎዳው ተናግረዋል።

ምን ይደረግ?

ውኃ ይቅደም። ከልምምድ እንደጨረሳችሁ በንጹሕ ውኃ ተጉመጥመጡ፣ ጠጡም።

በሶውን አትተዉት። የገብስ በሶ ጉልበት ነው። ግን በአንድ ጊዜ ጠጥታችሁ ጨርሱት፤ እየተጎነጫችሁ ረፋዱን ሙሉ አትያዙት። ጥርስን የሚጎዳው የስኳሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን ስኳር አፍን የሚነካበት ጊዜ መደጋገሙ ነው። ለስላሳም እንዲሁ።

መፋቂያ ያዙ። የወይራ መፋቂያ ማኘክ ምራቅን ይቀሰቅሳል። ጫፉ ሲያረጅ ቆርጣችሁ አድሱት፣ ለጓደኛ አታውሱት።

ማታ ሳትቦርሹ አትተኙ። በእንቅልፍ ሰዓት ምራቅ ይቆማል ለማለት ይቻላል። ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ተጠቀሙ፣ አረፋውን ተፍታችሁ በውኃ ሳትጉመጥመጡ ተዉት።

ጀርም ገዳይ መጉመጥመጫ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አታዘውትሩ። ምላስ ላይ ያሉ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች በጎመንና በቀይ ሥር ያለውን ናይትሬት የሚባል ንጥረ ነገር ለውጠው የደም ሥር እንዲላላ ይረዳሉ። በእንግሊዝ ተሠርቶ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከሩጫ በኋላ በዚህ ዓይነት መጉመጥመጫ አፋቸውን ያጠቡ ሰዎች ሩጫው የሚያመጣውን የደም ግፊት መውረድ አጥተዋል።

አሠልጣኞች፣ ልጆቹን ስለ ጉልበታቸውና ስለ ቁርጭምጭሚታቸው እንደምትጠይቁ ስለ ድዳቸውም ጠይቁ። ድዱ የሚደማ ልጅ “ምንም አይደለም” ብሎ ያልፈዋል። ጥርሱ ሌሊት ሲጠዘጥዘው ግን እንቅልፍ ያጣል፣ ማኘክ ያቅተዋል፣ የወራት ልፋቱም በውድድሩ ዋዜማ ይባክናል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ውድድር ከመግባቱ በፊት የጥርስ ሐኪም ይየው።