«ኮዬ ፈጬ ምን ወባ አለ?»

ይህን ጥያቄ ከክረምት በኋላ ደጋግሜ እሰማዋለሁ። እውነት ነው፣ ሰፈራችን ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ለወባ ትንኝ እንደ ቆላው አይመቻትም። ሰው ግን ይንቀሳቀሳል። ለሥራ ጋምቤላ፣ ለእርሻ መተማ፣ ለዘመድ ጥየቃ አርባ ምንጭ ደርሶ የተመለሰ ሰው ወባን በደሙ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ኢትዮጵያ ወባን እስከ 2030 (እ.ኤ.አ.) ለማጥፋት አቅዳለች። በ2024 ብቻ ግን ከ7 ሚሊዮን በላይ ታማሚዎች ተመዝግበዋል። ጨርሶ ማጥፋት ለምን ከበደ?

1. ተደብቆ የሚቆይ ወባ
እኛ አገር በብዛት ያሉት ፋልሲፓረም እና ቫይቫክስ ናቸው። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይነሳል፤ አዲስ ትንኝ እንኳ ሳትነክስዎ! ደም ውስጥ ያለውን የሚገድለው መድኃኒት የጉበቱን አይነካውም። ፕሪማኩዊን ለ14 ቀን የሚታዘዘው ለዚህ ነው። ችግሩ፣ በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲጠፋ ኪኒኑም ይረሳል። ያ ሰው ድጋሚ ይታመማል፣ ትንኝ ባለበት አካባቢ ከሆነም ለሌላው ይተርፋል።

2. ከተማ የለመደች ትንኝ
አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ትንኝ በ2016 ቀብሪ ደሃር ተገኘች። በ2022 ድሬዳዋ ላይ ከተነሳው ወረርሽኝ ጋርም ተያይዛለች። ረግረግ አትፈልግም፤ ክዳን የሌለው ሮቶ ወይም በርሜል ይበቃታል።

3. መዘናጋት
ስሪላንካ በ1963 የቀሯት ታማሚዎች 17 ብቻ ነበሩ። ቁጥጥሩ ሲላላ በ1968 እና 69 ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ታመመ። ከወባ ነፃ የተባለችው ገና በ2016 ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

👉 ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ራስ ምታት ካለዎት በ24 ሰዓት ውስጥ ይመርመሩ። «ታይፎይድ ነው» ብለው ከፋርማሲ መድኃኒት እየገዙ ቀን አይግደሉ። የደገኛ ሰውነት ወባን ስላልለመደው ፋልሲፓረም በፍጥነት ሊጠናበት ይችላል።

👉 ባለፉት ወራት ቆላ ሄደው ከነበረ፣ ሐኪሙ ባይጠይቅዎትም ይንገሩት።

👉 የታዘዘልዎትን ኪኒን እስከ መጨረሻው ይጨርሱ። ፕሪማኩዊንን ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይውሰዱ፤ በተለይ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት።

👉 ቆላ ሲሄዱ አጎበር ይያዙ፤ ቤት ያጠራቀሙትን ውኃ ይክደኑ።

ለመንገድ የተዘጋጀ ወዳጅ ካለዎት ይህን ያጋሩት። ጤና ይስጥልኝ!