ሲግናል ሞልቶ ኢንተርኔት ለምን ይቆማል?

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ ኔትወርክ ነው።

ነገሩ የተጀመረው እኛ ቤት ነው። እህቴ የምትሠራው ቤይሩት ነው። እሁድ ማታ በቪዲዮ ስትደውል ፊቷ ድርቅ ይልና ድምጿ ይቆራረጣል። አያቴ ስልኩን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ «ልጄ ምን ሆነች? ለምን ዝም አለችኝ?» እያለች ታለቅሳለች። እኔ ስልኩ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። የአይሲቲ መምህራችንን ስጠይቃቸው ግን «ስልኩ አይደለም፣ ወረፋ ነው» አሉኝ።

ወረፋው እንዲህ ነው። ስልካችን ከማማው ጋር የሚገናኘው በሬዲዮ ሞገድ ነው። ሞገዱ ደግሞ በእረፍት ሰዓት እንዳለው ቧንቧችን ነው፤ ተጠቃሚው ብዙ፣ ቧንቧው ጥቂት። በ2ጂ አንዱ የሬዲዮ መስመር 200 ኪሎ ኸርዝ ስፋት አለው። እሱም በጊዜ ለ8 ተራ ይከፈላል። 8ቱም ተራ ዞሮ ለማለቅ 4.6 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ብቻ ይፈጅበታል። በአንድ ሰከንድ ከ200 ጊዜ በላይ ይዞራል ማለት ነው!

የድምፅ ጥሪ ከሆነ አንዱ ተራ እስኪዘጋ ድረስ ለደዋዩ ይያዝለታል። ኢንተርኔት ግን እንደዛ አይደለም። መረጃው ፓኬት በሚባሉ ትንንሽ ቁርጥራጮች ይላካል። የሚልከው ያለው ስልክ ይጠይቃል፤ ኔትወርኩ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩ ሲጠራ ብቻ ይልካል። ሲጨርስ ተራው ለሌላ ይሰጣል። ሰው ከሌለ አንድ ስልክ ሁለት ሦስት ተራ በአንዴ ሊያገኝ ይችላል። ሰው ሲበዛ ግን አንዱን ተራ ብዙ ስልኮች ይካፈሉታል።

4ጂ ደግሞ በየ1 ሚሊ ሰከንዱ ያከፋፍላል። መስመሩ 180 ኪሎ ኸርዝ ስፋት ባላቸው ቁራጮች ይከፈላል። 10 ሜጋ ኸርዝ ስፋት ያለው መስመር 50 ቁራጭ አለው። ማማው ማን ምን ያህል እንደሚፈልግና የማን ሲግናል ጥሩ እንደሆነ እያየ ያድላል። ሲግናሉ ደካማ የሆነ ስልክ ያንኑ መረጃ ለመላክ ብዙ ቁራጭ ይፈጃል።

እንግዲህ በስልካችን ላይ የሚታዩት የሲግናል መስመሮች የሚነግሩን ስልካችን ማማውን ምን ያህል በደንብ እንደሚሰማው ነው። ወረፋው ስንት ሰው እንዳለበት አይነግሩንም። የቪዲዮ ፓኬት በሰዓቱ ካልደረሰ ምስሉ ይቆማል።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ለእህቴ ነገርኳት። ባለፈው እሁድ ሰው ሳይነሳ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ደወለች። አያቴንም ሲግናል በሚሻልበት በመስኮቱ በኩል አስቀመጥኳት። አንድም ጊዜ አልተቋረጠም። አያቴ አየት አየት አደረገቻትና «ልጄ፣ ከስተሻል» አለቻት። እህቴ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዛ አለቀሰች። ቢሆንም ተያዩ።

ጥያቄ፦ 10 ሜጋ ኸርዝ 50 ቁራጭ ካለው፣ 20 ሜጋ ኸርዝ ስንት ይኖረዋል? መልሱን በሚቀጥለው እትም ይጠብቁን።