ስለ ሉቤክ ከተማ

በጀርመን አገር በስተ ሰሜን ሉቤክ የምትባል ጥንታዊት የወደብ ከተማ አለች። የተሠራችው በባሕሩ ዳር አይደለም፤ ትራቨ የሚባለው ወንዝ ወደ ባልቲክ ባሕር ሳይደርስ፥ ወደ ውስጥ ገባ ብላ ትገኛለች። በዚያ ዘመን የባሕር ወንበዴዎች ብዙ ነበሩና፥ ወንዙ ለመርከቦች መንገድ፥ ለከተማዪቱም አጥር ሆነላት።

የቈረቈራት የሆልሽታይን ገዢ ዳግማዊ አዶልፍ ነው፤ ዘመኑም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር 1143 ነበር። ገበያዋ በቶሎ ደመቀ። አንበሳው የተባለው የሳክሶኒያ መስፍን ሄንሪክ ግን የራሱ ገበያ ስለ ተዳከመበት ቀናና፥ የከተማዪቱን እኩሌታ ስጠኝ አለ። አዶልፍ እንቢ ቢለው፥ ከምግብ በቀር በሉቤክ ምንም እንዳይሸጥ ከለከለ። በ1157 ደግሞ ከተማዪቱ ተቃጠለች። ነጋዴዎቹም ወደ መስፍኑ ሄደው ሌላ ስፍራ ለመኑ። እርሱም አዲስ ከተማ ሠራላቸውና በቅጽል ስሙ የአንበሳ ከተማ ብሎ ጠራት። ነገር ግን የዚያ ስፍራ ወንዝ ጥልቀት ስላልነበረው፥ ከትንንሽ ጀልባ በቀር አይገባበትም። ያ ሁሉ ሠራዊት የነበረው መስፍን ወንዙን ጥለቅ ብሎ ሊያዝዘው አልቻለም። ስለዚህ አዶልፍን በብዙ ልመናና ተስፋ አግባብቶ የቀድሞውን ስፍራ ተቀበለ፤ በ1159 ሉቤክ ዳግመኛ ተሠራች፤ ነጋዴዎቹም ደስ ብሏቸው ተመለሱ። መስፍኑም ወደ ሰሜን አገሮች መልእክተኞች ልኮ፥ ነጋዴ ሁሉ በሰላም ይግባ ብሎ አስነገረ።

ሉቤክን ያበለጸጋት ወርቅ አይደለም፤ ጨውና ዓሣ ነው። የዚያን ጊዜ የአውሮፓ ክርስቲያኖች በጾም ቀን ሥጋ ትተው ዓሣ ይበሉ ነበር። በዛሬዪቱ ስዊድን ደቡብ ዳርቻ ሄሪንግ የሚባል ትንሽ ዓሣ በየዓመቱ እጅግ በዝቶ ይመጣ ነበር። ዓሣ ግን ጨው ካልገባበት በቶሎ ይበላሻል። ጨው የሚገኘው ከሉቤክ በስተ ደቡብ፥ ሉነቡርግ በምትባል ከተማ ነበር፤ በዚያ ከምድር የሚመነጨውን ጨዋማ ውሃ በእሳት እያፈሉ ያደርቁት ነበር። ሉቤክ በሁለቱ መካከል ናት። ጨው በሠረገላ ይመጣላታል፥ በመርከብም ወደ ዓሣው ይሻገራል፤ ዓሣውም በበርሜል ታሽጎ ይመለስና ወደ ብዙ አገር ይላካል። ኋላም ቦይ ተቈፍሮ በ1398 ስለ ተፈጸመ፥ ጨው በጀልባ ይመጣ ጀመር።

በ1226 ንጉሠ ነገሥቱ ዳግማዊ ፍሬድሪክ ለከተማዪቱ ነጻነት ሰጣት፤ ከእርሱ በቀር ሌላ ጌታ ሳይኖርባት በራስዋ ሸንጎ ትተዳደር ነበር። ሐንዛ የተባለው የነጋዴ ከተሞች ማኅበርም ከ1356 ጀምሮ ጉባኤውን ብዙ ጊዜ በሉቤክ ያደርግ ነበር።

በ1478 የተፈጸመው፥ ሁለት ክብ ግንብ ያለው የቀይ ሸክላ በር ዛሬም ቆሞ ይታያል። ከአጠገቡ በወንዙ ዳር፥ ከበሩ በኋላ የተሠሩ ስድስት የጨው ጎተራዎች አሉ።