ቆርቆሮው ሳይነሣ ድረሺ

ልጄ፣ ማዘጋጃ ቤት የግንባታ ፈቃድ ክፍል መመደብሽን እናትሽ ነገረችኝ፤ ደብዳቤሽም ደርሶኛል። «ጋሼ፣ መሀል ከተማ ያሉትን አሮጌ ቤቶች ለማደስ፣ ፊታቸውን ለመቀየር ወይም ለማፍረስ የሚመጣውን ማመልከቻ ሁሉ እኔ እንድመረምር ተሰጥቶኛል፤ ምኑን ልይ?» ብለሻል። እኔ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም፣ ከፍኖተ ሰላም ደምበጫ ስመላለስ መሮና መዶሻ ይዤ አርባ ዓመት የጨረስሁ ግንበኛ እንጂ ቢሮ የተቀመጥሁ ሰው አይደለሁም። አሁን ጢስ ዓባይ በረንዳዬ ላይ ሆኜ ወደ ፏፏቴው የሚወርደውን እንግዳ እያየሁ ነው የምጽፍልሽ። ቁጥር የሰጠሁት ለንባብ እንዲመችሽ ነው፤ ሁሉም እኩል ይመዝናል ማለቴ አይደለም።

1. ፋይሉን ከመክፈትሽ በፊት ቤቱ ዘንድ ሂጂ። በተለይ ሚያዝያና ግንቦት።

ለምን ግንቦት እንዳልሁ ልንገርሽ። አሮጌ ቤት ማፍረስ ፈልጎ ፈቃድ እንደማይሰጠው የጠረጠረ ሰው መዶሻ አያነሣም። «ቆርቆሮው ዝጓል፣ ልቀይር» ብሎ ይመጣል። ማን ይከለክለዋል? ቆርቆሮውን ያነሣል፤ አዲሱ «ገንዘብ እስኪሟላ» ይቆያል። ሰኔ ይገባል፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ። ምርጉ እየተላጠ ይወርዳል፣ ማገሩ ይገጣል፣ ምሰሶው ከእግሩ ይበሰብሳል። መስከረም ሲጠባ ያው ሰው ተመልሶ «ቤቱ ለአላፊ አግዳሚው አደጋ ሆኗል፣ ይፍረስልኝ» ይላል። ያን ጊዜ እውነቱን ነው፤ በእርግጥም አደጋ ሆኗል። ዝናብ ላፈረሰው ደግሞ ተጠያቂ የለም። በዚህ ዘዴ ሲሄዱ ያየኋቸውን በረንዳ ያላቸው ቤቶች በጣቶቼ ቆጥሬ አልጨርሳቸውም።

ስለዚህ ቆርቆሮ ልቀይር ያለውን አትከልክዪ። አዲሱ ቆርቆሮ ግቢው ውስጥ ሳይደረደር አሮጌው እንዳይነሣ ብቻ ፈቃዱ ላይ ጻፊ፤ ሥራው በስንት ቀን እንደሚያልቅም ጨምሪበት። ሄደሽም ቁጠሪው።

2. ሕጉን አንብቢው፤ ሌላ ሰው ሲያወራው ሰምተሽ አትለፊ።

ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ የሕንፃ አዋጁ ነው፤ የሕንፃ ሹም የሚባለው ወንበር የመጣው በ2001 ከወጣው ከቁጥር 624 ነው። ሌላው ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው፤ በቅርስ ላይ የሚደረግ የጥገናና የእድሳት ሥራ አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ ይፈልጋል ይላል። በ2006 የወጣው ቁጥር 839 ደግሞ ቅርስን የአገርና የክልል ብሎ ይለያል።

የአንቺ ወረፋ ላይ የሚመጡት ቤቶች አብዛኛዎቹ በየትኛውም መዝገብ ላይ የሉም። ይህ እንግዳ አይሁንብሽ። በ1958 የወጣው የጥንታዊ ቅርስ አዋጅ የሚቆጥረው ከ1850 ዓ.ም. በፊት የነበረውን ብቻ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያንና ግንብ እንጂ የነጋዴ ሱቅ በማንም ሐሳብ ውስጥ አልነበረም። የ1992ቱ ሕግ ዕድሜ አይጠይቅም። ታሪክን፣ ባህልን፣ ኪነ ጥበብንና እደ ጥበብን ይጠይቃል። የአናጢ እጅ ያረፈበት የእንጨት በረንዳም ይገባበታል ማለት ነው፤ ግን አንድ ሰው ጽፎ ካላቀረበው ራሱ እየሄደ አይመዘገብም።

3. «ቅርስ» የምትለውን ቃል ባለቤቱ ፊት ቶሎ አታውጪያት።

አንቺ ክብር ትመስልሻለች፤ እሱ የሚሰማው «ቤትህ ተወሰደ» ነው። አትፍረጂበት። በሐምሌ 1967 አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ። ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆነው ለቀበሌ ሄደ፤ ኪራዩም ሳይጨምር እዚያው ቀረ። መሀል ከተማ ካሉት አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ የሞቱት በዚህ ነው ባይ ነኝ፤ ተከራዩ የራሱ ስላልሆነ አይጠግንም፣ ቀበሌው ከኪራዩ የሚያገኘው ለምስማርም አይበቃውም። ንፋስ የቆርቆሮውን ጫፍ ገልብጦት ሁለት ክረምት ሲያፈስ፣ የቤቱ ሰው ከታች ባልዲ እየደቀነ ሲኖር በዓይኔ አይቻለሁ።

ሕጉ የጥገናው ወጪ ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት በከፊል ሊደግፍ እንደሚችል ይናገራል። «ሊደግፍ ይችላል» ነው ያለው። ያልታየ ገንዘብ ለማንም ተስፋ አትስጪ።

4. ሲሚንቶ።

ይኼኛው ኃጢአቴን መናገሬ ነው። ወጣት ሳለሁ ቡሬ ውስጥ አንድ ነጋዴ የአባቱን የእንጨትና የጭቃ ቤት «አሳምርልኝ» አለኝ። አሮጌውን ምርግ ጠራርጌ፣ የሽቦ ወንፊት ቸንክሬ፣ በሲሚንቶ ልስን ለሰንሁት። ቤቱ የተላጠ ዕንቁላል መሰለ። መንገደኛ ቆሞ ያየው ነበር፤ እኔም ስንት ሥራ አገኘሁበት። ሦስት ክረምት አልፎ ጠርተውኝ ስሄድ ግድግዳው ሲንኳኳ እንደ ባዶ ጋን ይጮኻል። ልስኑን ብከፍተው ምሰሶዎቹ እንደ ቡና አተላ እጄ ላይ ረገፉ፤ የተረፈውንም ምስጥ እየጨረሰው ነበር። ጭቃ እርጥበት ይጠጣል፣ ፀሐይ ሲወጣ መልሶ ይተነፍሳል። ሲሚንቶ ከላይ ስትደፊበት ከመሬት የወጣው እርጥበት መውጫ ያጣና እንጨቱ ላይ ይተኛል።

እንዲህ የሳትሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። ጣሊያኖች የጎንደርን የፋሲል ግንብ ሲጠግኑ ሲሚንቶና ቤቶን ከተውበት ነበር፤ ኋላ የመጡት ጠጋኞች ያንን እያወጡ በኖራ ተኩት። እዚህ አጠገቤ ያለውን የአላታን ድልድይ እዪው። ሰዉ የፖርቱጋል ድልድይ ይለዋል። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በድንጋይና በኖራ ተሠርቶ ወደ አራት መቶ ዓመት ይጠጋዋል፤ በገበያ ቀን እስከ ዛሬ አህያ ከነጭነቱ ይሻገርበታል። ኖራው ውስጥ ዕንቁላል ገብቷል ይላሉ ሽማግሌዎቹ። እኔ ዕንቁላሉን አላየሁም፤ ኖራውን ግን በጣቴ ዳስሼዋለሁ፣ ድንጋዩን ይዟል፣ አላነቀውም።

ለጭቃ ቤት የሚበጀው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ የሰነበተ ጭቃ ነው፤ ላዩን በኖራ መቀባት። ማመልከቻው «ልስን» ብቻ ካለ በምን እንደሚለሰን ጠይቂ። ቦታው ስትደርሺ ደግሞ ከመሬት እስከ አንድ ክንድ ያለውን ግድግዳ በጣትሽ እያንኳኳሽ ሂጂ፤ ቤት ከዚያ ነው የሚታመመው።

5. ፊቱን አጥብቂ፣ ጓሮውን ልቀቂ።

ሰው ይኖርበታል፣ ይነግድበታል። ሽንት ቤት ይፈልጋል፣ መጋዘን ይፈልጋል። ከኋላ በብሎኬት ሁለት ክፍል ልጨምር ቢልሽ ደስ ብሎሽ ፈርሚለት፤ ቤቱን የሚያቆመው የሚያስገባው ገቢ ነው። ሁሉን የምትከለክዪ ከሆነ ባለቤቱ ግንቦትን ይጠብቃል፤ ቁጥር አንድን አስታውሺ።

ከፊት የሚጠበቀው ብዙ አይደለም። ከጎረቤቶቹ ጋር የተሰለፈበት መስመር፣ የጣሪያው ተዳፋት፣ የበሩና የመስኮቱ ቦታ፣ በረንዳና የእንጨቱ ጥርብ። ሳንቃው ተነሥቶ አልሙኒየምና መስታወት ይግባ ሲሉ ምክንያታቸው ብዙ ጊዜ ሌባና ብርሃን ነው፤ ለሌባው ከውስጥ ተጣጣፊ ብረት፣ ለብርሃኑ ከኋላ መስኮት ስጪያቸው። የማስታወቂያ ሰሌዳውን ደግሞ አደራ። የጣሪያውን ከንፈር ጥርብ እንጨት ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን የስልክ መሸጫ ሰሌዳ አንድ ቀን ሲነሣ ከሥሩ የሚገኘው የምስማር ቀዳዳ ብቻ ነው።

6. «የጣሊያን ነውና ይፍረስ» ለሚልሽ ሰው።

ቡሬ ላይ ጠላት ምሽግ ነበረው። በ1933 የካቲት መጨረሻ ጥሎት ሲወጣ አርበኛውና የንጉሡ ጦር በደምበጫ መንገድ ላይ ተከትለውታል። ንጉሡም ከስደት ሲመለሱ ያለፉት በዚሁ መንገድ ነው፤ ወጀት ትባል የነበረችው ከተማችን ፍኖተ ሰላም የተባለችው ከዚያ ወዲህ ነው። ጣሊያን የሠራው ግንብ ከፈረሰ ጠላት የወጣበትን በር ለልጅሽ በምን ታሳዪዋለሽ?

የተሰበረም ነገር ታሪክ እንደሚይዝ ለማየት ወደ ሞጣ በኩል ውረጂ። ሰባራ ድልድይ ዓባይ ላይ ጎጃምንና ጎንደርን ያገናኝ የነበረ ጥንታዊ ድልድይ ነው። ጣሊያን እንዳይሻገር አርበኞች መሐሉን አፈረሱት፤ ስሙም ከዚያ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከወዲያ ማዶ እየተጎተተ ለዓመታት ተሻግሯል። ይህን በፎቶ ያየ አንድ አሜሪካዊ ሰዎች አስተባብሮ ክፍተቱን በብረት ገጠመው። እኔ ጥገናውን የምወድለት ብረቱ ድንጋይ ነኝ ስላላለ ነው፤ ሩቅ ሆነሽ የቱ የጥንት፣ የቱ የትናንት እንደሆነ ታውቂ ነበር። በፈረንጆቹ 1964 ቬኒስ ላይ የተሰበሰቡት የቅርስ ሊቃውንትም ጭማሪ ጭማሪነቱ ይታወቅ ብለዋል። ብረቱን ጥቂት ዓመት ቆይቶ ጎርፍ ወሰደው፤ አሁን ሰው የሚሻገረው በገመድ በተንጠለጠለ ድልድይ ነው።

ማንኛውም ጥገና ሲቀርብልሽ «ይህ ካልሠራ መልሶ ይነሣል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ላሊበላ ላይ ለጥቂት ዓመት ተብሎ በ2000 ዓ.ም. የተተከለው የብረት ዳስ ስንት ዓመት ካህናቱን ሲያሳስብ እንደኖረ ሰምተሻል።

7. ለኪ። ፎቶ አንሺ።

ሁልጊዜ አታሸንፊም። ትእዛዝ ከላይ ሲመጣ የአንቺ ማኅተም የሚያቆመው አይሆንም። በ2016 ፒያሳ በኮሪደር ልማት ሲፈርስ ስንቱ ሰው ካሜራ ይዞ የሮጠው ግሬደሩ ከቆመ በኋላ ነበር። ከደጃፍ እስከ ጓሮ የተለካ ንድፍ፣ የእያንዳንዱ በር ፎቶ፣ ማን እንደሠራውና ማን እንደነገደበት ከሽማግሌ አፍ የተጻፈ አንድ ገጽ፤ ይህን ማንም ሳያዝሽ ከአሁኑ ጀምሪ። እኔን ጨምሮ ሽማግሌዎቹ በየክረምቱ እየቀነስን ነው።

8. አሮጌ በር፣ መቃን፣ ጥርብ ድንጋይ ከሚፈርስ ቤት በመኪና ሲወጣ ካየሽ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቂ። መጠየቅሽ ብቻ ብዙ ያስቆማል።

9. የዘመድ ፋይል ይመጣብሻል። መጥቷልም።

አስፋልቱ ዳር ያለውን የአያትሽን ቤት ታውቂዋለሽ፤ ልጅ ሳለሽ በረንዳው ላይ አበባ ቆሎ የምትበዪበት። ወንድሞቼ ፎቅ ይሠራ ብለው ነበር፤ ሦስት ዓመት ተከራከርን። አሁን ተስማምተን ከኋላ ሦስት ክፍል ለመጨመርና የፊቱን ጣሪያ ቆርቆሮ ለመቀየር አመልክተናል፤ ፊርማው የእኔ ነው። ሥጋሽ ስለሆንሁ አንቺ አትፈርሚበት፤ ለሌላ ባለሙያ አስተላልፊው። ያ ባለሙያ ግን ወረቀቱን አምኖ እንዳይቀመጥ ንገሪው። አዲሱን ቆርቆሮ ገዝቼ ጓሮ ደርድሬዋለሁ፣ ሠላሳ ስድስት ቅጠል ነው። መጥቶ ይቁጠረው።