ከመክፈልዎ በፊት አፍንጫውን ይዩ፦ የእንስሳት ንፍጥ ሥራና ምልክት

ጁባ ገበያ ላይ ከብት የሚመርጥ ነጋዴ ጥርስ ያያል፣ ሻኛ ይዳብሳል፣ ጎን ለጎን ዞሮ ሥጋውን ይገምታል፣ ከደላላው ጋር በዋጋ ይከራከራል። አፍንጫውን ግን ብዙ ሰው የሚያየው ገንዘቡን ከቆጠረ በኋላ ነው። ያን ጊዜ እንስሳው ከሌሎቹ ጋር በአንድ መኪና ተጭኗል፣ ከአንድ ገንዳም ጠጥቷል። አንድ የታመመች ፍየል የምታስከትለው ኪሳራ የአንድ ፍየል ዋጋ ብቻ አይደለም፤ መንጋው በሙሉ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ንፍጥ ምን እንደሚሠራና መቼ አደጋ እንደሚያመለክት ማወቅ ለነጋዴ ከሙያው አንዱ ክፍል ነው።

ንፍጥ ምን ይሠራል?

ንፍጥ ቆሻሻ ይመስላል እንጂ የሳንባ ዘበኛ ነው። አብዛኛው ክፍሉ ውሃ ነው። የሚያጣብቀው ሙሲን የሚባል ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ጨው፣ ጀርም የሚያፈርሱ ኬሚካሎችና የበሽታ መከላከያ ፀረ እንግዳ አካላትም በውስጡ አሉ። እንስሳው በሚተነፍስበት ጊዜ አቧራ፣ የሣር ብናኝና ጀርም በዚህ በሚያጣብቅ ሽፋን ላይ ተይዘው ይቀራሉ። ደረቅና ትኩስ አየርም ሳንባ ከመድረሱ በፊት ይረጥባል።

ከሽፋኑ ሥር በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፀጉሮች አሉ። በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከአሥር ጊዜ በላይ እየተወዛወዙ ንፍጡን ወደ ጉሮሮ ይገፉታል። እንስሳው ሳያውቀው ይውጠዋል፣ የተያዘው ጀርምም በሆድ ውስጥ ይጠፋል። ጤነኛ እንስሳ ቀኑን ሙሉ ንፍጥ እያመረተ ከአፍንጫው ሲወርድ የማይታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ሥራ የሚሰናከለው በውሃ ጥም፣ በአቧራ፣ በጭስና ከሽንት በሚወጣ የአሞኒያ ሽታ ነው። ውሃ ያጣ እንስሳ ንፍጡ ይወፍራል፣ ፀጉሮቹም ሊገፉት ያቅታቸዋል። በዚያን ጊዜ በጤነኛ ከብት አፍንጫ ውስጥ ያለ ጉዳት የሚኖር ባክቴሪያ ወደ ሳንባ ይወርዳል። ከረጅም ጉዞ በኋላ የሚመጣው የሳንባ ምች አንዱ መንገድ ይኸው ነው።

ፈሳሹን ማንበብ

ጤነኛ ከብት አፍንጫው ጫፍ ላይ እርጥብ ነው፤ በምላሱም ቶሎ ቶሎ ይልሰዋል። መላስ ያቆመ፣ አፍንጫው የደረቀና ጆሮውን የጣለ ከብት ትኩሳት ሊኖረው ስለሚችል በጥንቃቄ ይታይ።

ቀጭንና ጥርት ያለ ፈሳሽ ሁልጊዜ በሽታ አይደለም። ከቴሬከካ አካባቢ የሚመጡ የሙንዳሪ ከብቶች ዝንብና ትንኝ ለማባረር በሚነድ የኩበት ጭስ ውስጥ ያድራሉ። ጭስና የበጋ አቧራ አፍንጫንና ዓይንን ያስለቅሳሉ። እንስሳው የሚበላ፣ የሚያመሰኳና ንቁ ከሆነ ንጹህ አየር ላይ ትንሽ ቆይቶ ፈሳሹ መቀነስ አለበት።

ነጭ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሆኖ የወፈረ ንፍጥ ሰውነቱ እየተዋጋ መሆኑን ይናገራል። ቀለሙን የሚሰጡት ከጀርም ጋር ሲታገሉ የሞቱ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው።

ከአንድ ቀዳዳ ብቻ የሚወርድ ፈሳሽ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው በኩል ያለ ችግር ነው፤ ቁስል፣ የተሰነቀረ ነገር ወይም በበግ ላይ የአፍንጫ ትል ሊሆን ይችላል። ከኩሬ የጠጣ እንስሳ ደም ከታየበት አልቅት ይጠረጠራል። ከሁለቱም ቀዳዳ የሚወርድ ወፍራም ፈሳሽ ግን ከትኩሳትና ከሳል ጋር ሲሆን መንጋን የሚያጠቃ በሽታ ያሳስባል።

አንድ ምልክት ለብቻው ይቀመጥ። በድንገት ከሞተ እንስሳ አፍንጫ፣ አፍ ወይም ፊንጢጣ የማይረጋ ደም ከወጣ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። አይታረድ፣ ቆዳው አይገፈፍ፣ ሥጋውም አይበላ፤ ሰውን ይገድላል። የእንስሳት ሐኪም እስኪደርስ ሰውና ውሻ ከአካባቢው ይራቁ።

ሁለቱ ትልልቅ ጠላቶች

የመጀመሪያው የበግና ፍየል ደስታ መሰል በሽታ ነው። ቫይረሱ ከገባ በኋላ ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ቀን ባለው ጊዜ ትኩሳት ይጀምራል። ንፍጡ መጀመሪያ ውሃ ይመስላል፣ ከዚያ ይወፍራል፣ ደርቆም ቀዳዳውን ይደፍናል። የዓይን መጣበቅ፣ የአፍ ቁስልና ተቅማጥ ይከተላሉ። ከታመሙት ውስጥ ከ30 እስከ 70 በመቶ የሚሆኑትን ሊገድል ይችላል። የአፍንጫው ፈሳሽ ራሱ ቫይረስ የተሸከመ ስለሆነ ማስነጠስና የጋራ ገንዳ ያዛምቱታል። አንቲባዮቲክ ቫይረሱን አይገድልም፤ ክትባቱ ግን ቢያንስ ለሦስት ዓመት ይከላከላል።

ሁለተኛው ተላላፊው የከብት ሳንባ በሽታ ነው። ይህኛው ተንኮለኛ ነው። ከብቱ ከተያዘ በኋላ ለሳምንታት ወይም ለወራት ደህና መስሎ ሊቆይ ይችላል። የሚጠረጠረው ከብት ሲነዳ ያስላል፣ አንገቱን ዘርግቶና ክርኑን ከደረቱ አርቆ ይቆማል። በመርፌ የተሻለው ከብትም በሽታውን በሳንባው ይዞ ሊቆይ ስለሚችል «አሁን ድኗል» የሚል ሻጭ ዋስትና አይሆንም።

የዓለም እንስሳት ጤና ድርጅት ደንብ ለደስታ መሰል በሽታ 21 ቀን፣ ለከብት ሳንባ በሽታ ደግሞ ስድስት ወር የመደበቂያ ጊዜ አድርጎ ይቆጥራል። ሁለቱ ቁጥሮች ስለማግለል ለሚያስብ ነጋዴ ትልቅ ትምህርት ናቸው፤ የፍየል ምልክት በሦስት ሳምንት ማቆያ ውስጥ ሊወጣ ይችላል፣ ለከብት ግን የመነሻው አካባቢ ታሪክ ካልታወቀ ማቆያ ብቻውን አይበቃም።

የደስታ በሽታ ትምህርት

ጉዳዩ ቀልድ አለመሆኑን ታሪክ ያውቃል። በ1880ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በምጽዋ በኩል ከውጭ በመጡ ከብቶች የገባው የከብት ደስታ በሽታ የኢትዮጵያን በሬዎች ጨርሶ ማረሻ አቆመ፤ ዘመኑም «ክፉ ቀን» ተባለ። የዚያ በሽታ ምልክትም የዓይንና የአፍንጫ ፈሳሽ ነበር።

ያ በሽታ ዛሬ የለም። ለመጥፋቱ ደግሞ የደቡብ ሱዳን አርብቶ አደሮች ትልቅ ድርሻ አላቸው። ከ1993 ጀምሮ ከየመንደሩ የተመረጡና የሠለጠኑ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች ሙቀት የሚችል ክትባት ይዘው፣ ጦርነቱ ሳይቆም፣ በእግር ወደ ከብት ሠፈሮች ገቡ። በአካባቢው የመጨረሻው ወረርሽኝ በ1998 በቶሪት በኩል ታየ፤ በ2011 ደግሞ በሽታው ከምድር መጥፋቱ በይፋ ታወጀ። ምልክቱን ቀድሞ የሚያውቀውና ቀድሞ የሚናገረው ከከብቱ ጋር የሚውለው ሰው ነበር። ዛሬ ያ ሰው ነጋዴውም ሊሆን ይችላል።

ከመክፈል በፊት

ሻጭ አፍንጫ ጠርጎ ሊያቀርብ ይችላል። ስለዚህ የቀዳዳው ጠርዝ ላይ የደረቀ ቅርፊት፣ በፊት እግር ላይ የተጣበቀ ንፍጥና የዓይን ጥግ ይታይ። እንስሳው ጥቂት ይነዳ፣ ከዚያ ቆሞ ሳሉና አተነፋፈሱ ይደመጥ። ከመንጋው ስንቱ እንደሚያስነጥስም ይቆጠር፤ አንዱ ብቻ ከሆነ የራሱ ችግር ሊሆን ይችላል፣ ብዙዎቹ ከሆኑ ግን ግዢው ይቁም። የክትባትና የጤና ማስረጃ ይጠየቅ።

በመኪና ላይ ጉዝጓዝ ይነጠፍ፤ አንገት ወደ ላይ ተወጥሮ አይታሰር፣ ጭንቅላቱን ዝቅ ማድረግ ያልቻለ እንስሳ ንፍጡን ማውጣት ይቸግረዋልና። ሲደርሱ መጀመሪያ ውሃና ጥላ ይሰጣቸው። አዲስ የመጡት ለብቻቸው ይቁሙ፣ ገንዳቸውም ለብቻ ይሁን። ናፍታ፣ የትምባሆ ውሃ ወይም ሌላ ፈሳሽ በአፍንጫ ማፍሰስ ሳንባ ውስጥ ሊገባና ሊገድል ስለሚችል ይቅር።

የታመመን እንስሳ ቶሎ ሸጦ መገላገል ትርፍ ይመስላል፤ ነገር ግን በሽታው በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው ገበያ ተመልሶ ይጠብቃል፣ ወረርሽኝ ሲታወቅም ገበያውና ድንበሩ ለሁሉም ይዘጋል። የጠረጠረ ነጋዴ ለእንስሳት ሐኪም ቢናገር አንድ ቀን ይዘገያል እንጂ ንግዱን አያጣም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።