የሯጭ ደብዳቤ ለሯጭ

የትምህርቱ ዓላማ፡- ተማሪዎች፣ ይህን ትምህርት ስትፈጽሙ በአካል ለማታውቁት፣ ነገር ግን በአንድ ሙያ ወይም ፍላጎት ለምትመስሉት ባልንጀራ ደብዳቤ መጻፍ ትችላላችሁ። በደብዳቤያችሁም ውስጥ በቦዝ አንቀጽ በትክክል መጠቀምን ትለማመዳላችሁ።

ሀ. መግቢያ

ብቻውን የሚሮጥ የሚቀድመው የለም ይባላል። አባባሉ የተነገረው ለምስጋና ሳይሆን ለተግሣጽ ነው። ብቻውን የሚሮጥ ሰው ዘወትር አንደኛ ነው፤ ዳሩ ግን ማንን እንደ ቀደመ አያውቅም። ዐቅሙን የሚያመዛዝንበት፣ ሲደክም የሚያበረታታው፣ ሲሳሳት የሚያርመው ባልንጀራ የለውም። ስለዚህ አንዳንዱ ያለ ልክ ራሱን ያደንቃል፤ አንዳንዱ ደግሞ ድካም በእርሱ ብቻ የደረሰ እየመሰለው ሩጫውን ይተዋል።

ሩጫ በባልንጀራ እንደሚጠነክር የአገራችን ታሪክ ያስረዳል። በአርሲ የምትገኘው የበቆጂ ከተማ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራችው ልጆቿ ለየብቻቸው ስለ ሮጡ አይደለም። ታናሹ ታላቁን እየተከተለ፣ ታላቁም ለታናሹ አርአያ እየሆነ በአንድነት ስለ ሠለጠኑ ነው። ከተፎካካሪ ጋር እንኳ ወዳጅነት ሊኖር እንደሚችል ደራርቱ ራሷ አሳይታለች። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ሩጫ ከደቡብ አፍሪካዋ ከኤላና ማየር ጋር ብርቱ ፉክክር አድርጋ፣ በመጨረሻው ዙር ቀድማ ወርቁን አገኘች። ደቡብ አፍሪካ ከ32 ዓመት በኋላ ወደ ኦሎምፒክ የተመለሰችው በዚያ ዓመት ነበር። ውድድሩ ካለቀ በኋላ ሁለቱ ሯጮች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ሲዞሩ ዓለም ተመለከታቸው።

ይሁን እንጂ ሯጮች ሁሉ በአንድ ሜዳ ለመገናኘት ዕድል አያገኙም። ኅዳር 16 ቀን 1994 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ 10,000 ያህል ሰዎችን በአዲስ አበባ ጎዳናዎች አሰባስቦ ነበር። ዛሬ ተሳታፊው ከዚያ እጅግ በዝቷል። ነገር ግን ሩጫው የአንድ ቀን ነው፤ በማግሥቱ ሁሉም ወደየአገሩ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ወዳጅነቱን የሚያቆየው ቃል ነው፤ በተለይም የተጻፈ ቃል።

ዲላን እንውሰድ። ዲላ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፣ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። በዙሪያዋ ያለው የጌዴኦ ምድር እንሰት፣ ቡናና ትልልቅ ዛፎች ተደጋግፈው የሚበቅሉበት ዳገታማ አገር ነው። ይህ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በዚህ ዳገት ማለዳ ማለዳ የሚሮጥ አንድ ተማሪ፣ በበቆጂ ከሚገኝ እኩያው ጋር በምን ይተዋወቃል? አንዱ በቤቱ ጌዴኦኛ፣ ሌላው ኦሮምኛ ይናገር ይሆናል። ሁለቱም በሚያውቁት ቋንቋ አሳምረው መጻፍ ከቻሉ ግን የመንገዱ ርቀት አያግዳቸውም።

ለ. ሁለት ደብዳቤዎች

ከዚህ በታች ያሉት ሁለት ደብዳቤዎች ለትምህርት የተዘጋጁ ናቸው። ሁለቱም ከዲላ ወደ በቆጂ እንደ ተላኩ አድርጋችሁ አንብቧቸው። ስታነቡም፣ «ደብዳቤው የደረሰው እኔ ብሆን ምን ብዬ እመልስ ነበር?» እያላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

አንደኛ ደብዳቤ

ይድረስ ለማላውቅህ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን አለህ? እኔ በጣም ደኅና ነኝ። እኔ በዲላ የታወቅሁ ሯጭ ነኝ። በየቀኑ ብዙ እሮጣለሁ። ማንም አይደርስብኝም። ወደ ፊት የዓለም ሻምፒዮን እሆናለሁ። አንተም በርታ። ቶሎ መልስ ጻፍልኝ።

ሁለተኛ ደብዳቤ

ዲላ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ፤

ሰላምታዬ ይድረስህ። በአካል አንተዋወቅም። እኔ በዲላ ከተማ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አንተም ተማሪና ሯጭ መሆንህን ከስፖርት መምህራችን ስለ ሰማሁ ይህን ልጽፍልህ ደፈርሁ።

በሳምንት አራት ቀን እሮጣለሁ። ጎሕ ሲቀድ ተነሥቼ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ጫማዬን አጥልቄ ከቤት እወጣለሁ። በዚህ ወራት አስፋልቱ ቡና በጫኑ መኪናዎች ስለሚጨናነቅ፣ እርሱን ትቼ በእንሰቱና በቡናው መካከል በሚያልፈው የቀይ አፈር መንገድ ዳገቱን እያያዝሁ እሄዳለሁ። አርባ ደቂቃ ያህል ሮጬ እመለሳለሁ። ዝናብ የጣለ ዕለት ጭቃው ከጫማዬ ሥር እየተለጠፈ እግሬን ያከብደዋል።

እውነቱን ልንገርህ፤ ካለፈው ወር ወዲህ ነገሩ አልሆነልኝም። ቁልቁለቱን ስወርድ የግራ እግሬን ቅልጥም ያመኛል። ሕመሙን ደብቄ ለትምህርት ቤታችን ውድድር ተሰለፍሁ፤ ሁለት ዙር ሲቀረኝ አቋርጬ ወጣሁ። ጓደኞቼ ሣቁብኝ። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ቀን አልሮጥሁም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከእናቴ ጋር ቡና እለቅማለሁ። አንድ ቀን እየለቀምን ሳለ ሩጫውን ልተወው እንዳሰብሁ ብነግራት፣ «የደከመው እግርህ ነው ወይስ ልብህ?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ።

አሁን ሁለት ነገር ልጠይቅህ። ከተማችሁ ከእኛዋ በ1,200 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ እንደምትገኝ ተምሬአለሁ። እናንተ ቁልቁለቱን ትሮጡታላችሁ ወይስ በእርምጃ ትወርዱታላችሁ? ሁለተኛም፣ ውድድር አቋርጠህ ታውቅ እንደ ሆነ፣ በማግሥቱ ምን አደረግህ?

አንተም ስለ እኛ አገር ልታውቅ የምትሻው ቢኖር ጠይቀኝ።

አክባሪህ፣
የዲላው ወንድምህ

ሐ. ማስተዋል

የአንደኛው ደብዳቤ ጸሐፊ ዋሽቷል ለማለት አንችልም። ምናልባት በእርግጥ ፈጣን ሯጭ ይሆናል። ጉድለቱ ሌላ ነው። «ብዙ እሮጣለሁ» ይላል፤ ብዙ ማለት ስንት ነው? «ማንም አይደርስብኝም» ይላል፤ ከማን ጋር ተወዳድሮ? «መልስ ጻፍልኝ» ይላል፤ ለየትኛው ጥያቄ? እንዲህ ያለ ደብዳቤ በውስጡ ላለው ሁሉ በር ዘግቶ፣ አንባቢውን ከደጅ ያቆመዋል።

ሁለተኛው ደብዳቤ ግን ባልንጀራ ለማፍራት የሚያስፈልጉትን አራት ነገሮች አሟልቷል።

1. ጸሐፊው ማን እንደ ሆነና የተቀባዩን ነገር ከማን እንደ ሰማ በአጭር ቃል ገልጿል። ሰላምታው ከጉዳዩ አልበለጠም።

2. የሚታይና የሚቈጠር ነገር አቅርቧል፤ አራት ቀን፣ አርባ ደቂቃ፣ ቀይ አፈር፣ የግራ እግር። ሯጭ ለሯጭ ሲጽፍ «ብዙ» ከሚለው ቃል ይልቅ «አርባ ደቂቃ» የሚለው ይበልጣል፤ አንባቢው ከራሱ ልምድ ጋር ሊያነጻጽረው ይችላልና።

3. ድሉን ብቻ ሳይሆን ውድቀቱንም ሳይሸሽግ ነግሯል። ውድድር ማቋረጡን መናገር ቀላል አይደለም። ቢሆንም አንባቢውን የሚያቀርበው ይኸው ነው፤ ማንኛውም ሯጭ እንዲህ ያለ ቀን ደርሶበት ያውቃልና።

4. ተቀባዩ ብቻ ሊመልሰው የሚችል ጥያቄ ጠይቋል። «እንዴት ነህ?» የሚለውን ማንም ይመልሰዋል፤ «በማግሥቱ ምን አደረግህ?» የሚለውን ግን ከሯጩ በቀር ማን ይመልሰዋል?

ዛሬ ብዙዎቻችሁ የምትጻጻፉት በተንቀሳቃሽ ስልክ፣ በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ይሆናል። መላኪያው ቢለወጥም የደብዳቤው ሕግ አይለወጥም። ቃሉ በቅጽበት ስለሚደርስ ግን ከመላካችሁ በፊት መልሳችሁ ማንበብ ከቀድሞው ይልቅ ያስፈልጋችኋል። ለአንድ ሰው የጻፋችሁት ለብዙ ሰው ሊተላለፍ እንደሚችልም አትዘንጉ።

መ. ጥንቃቄ

እውነትን መጻፍ ማለት ሁሉን ነገር ለሁሉ ሰው መጻፍ ማለት አይደለም። ብቻችሁን የምትሮጡበትን ሰዓትና መንገድ ብዙ ሰው በሚያነበው ገጽ ላይ አታስፍሩ። ይህ በተለይ ሴት ተማሪዎች ሊያስቡበት የሚገባ ነው። ደግሞም የማታውቁት ሰው በውጭ አገር ውድድር አሳትፋችኋለሁ ብሎ ገንዘብ ወይም የልደት ማስረጃ ቢጠይቃችሁ፣ ከመመለሳችሁ በፊት መልእክቱን ለወላጆቻችሁና ለመምህራችሁ አሳዩ። እውነተኛ ባልንጀራ ልምዱን ያካፍላል እንጂ ኪሳችሁን አይፈትሽም።

ሠ. ሰዋስው፡- ቦዝ አንቀጽ

ከሁለተኛው ደብዳቤ የተወሰደውን ይህን ዐረፍተ ነገር ተመልከቱ፡-

ጎሕ ሲቀድ ተነሥቼ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ጫማዬን አጥልቄ ከቤት እወጣለሁ።

«ተነሥቼ»፣ «ታጥቤ»፣ «አጥልቄ» የሚሉት ቃላት ድርጊትን ይናገራሉ፤ ነገር ግን ዐረፍተ ነገሩን አይዘጉትም። የሚዘጋው «እወጣለሁ» የሚለው ዐቢይ አንቀጽ ነው። እንደ «ተነሥቼ» ያለው፣ ሌላ አንቀጽ የሚጠብቅ ግሥ ቦዝ አንቀጽ ይባላል። ቦዝ አንቀጽ እንደ ባለቤቱ ይለዋወጣል፡-

እኔ ሮጬ
አንተ ሮጠህ
አንቺ ሮጠሽ
እርሱ ሮጦ
እርሷ ሮጣ
እኛ ሮጠን
እናንተ ሮጣችሁ
እነርሱ (እርስዎ) ሮጠው

በአንደኛ መደብ ነጠላ ቍጥር «ጠ» ወደ «ጬ» መለወጡን ልብ በሉ። እንዲሁም ወረደ፣ ወርጄ፤ ለበሰ፣ ለብሼ፤ ከፈተ፣ ከፍቼ፤ ያዘ፣ ይዤ፤ ለመነ፣ ለምኜ፤ ዘለለ፣ ዘልዬ ይባላል። እንደ «ታጠበ» ያለው ግን «ታጥቤ» ከማለት በቀር የፊደል ለውጥ አያደርግም።

ቦዝ አንቀጽ የድርጊትን ቅደም ተከተል ስለሚያሳይ ለሯጭ ደብዳቤ እጅግ ይጠቅማል። «ታጥቤ ሮጥሁ» እና «ሮጬ ታጠብሁ» አንድ አይደሉም። በአጠቃቀሙ ረገድ ግን ከሦስት ስሕተቶች ተጠንቀቁ።

አንደኛ፣ ዐረፍተ ነገሩን ሳትዘጉ አትተዉ። «ዳገቱን ወጥቼ፣ ወደ ቤቴ ተመልሼ።» ቢባል አንባቢው «ከዚያስ?» ብሎ ይጠይቃል። ትክክሉ፡- «ዳገቱን ወጥቼ ወደ ቤቴ ተመለስሁ።»

ሁለተኛ፣ ባለቤቱ አንድ ሲሆን መደቡን አታዘባርቁ። «ማለዳ ተነሥቶ ዳገቱን ወጣሁ።» ስሕተት ነው። ትክክሉ፡- «ማለዳ ተነሥቼ ዳገቱን ወጣሁ።»

ሦስተኛ፣ ቦዝ አንቀጾችን ያለ ልክ አትደርድሩ። ከሦስት ወይም ከአራት ሲያልፉ ዐረፍተ ነገሩን ዝጉትና ሌላ ጀምሩ። አንባቢም እንደ ሯጭ ትንፋሽ ያስፈልገዋል።

ረ. መልመጃ

መልመጃ 1፡- በቃል ተወያዩ

1. «ብቻውን የሚሮጥ የሚቀድመው የለም» የሚለው አባባል ከሩጫ ውጭ በትምህርት ላይ እንዴት ሊሠራ ይችላል?
2. እናቱ «የደከመው እግርህ ነው ወይስ ልብህ?» ብላ በመጠየቋ ምን ለማለት ፈለገች? ጸሐፊውስ መልስ ያጣው ለምን ይመስላችኋል?
3. ጸሐፊው ዘጠኝ ቀን አለመሮጡን ባይናገር ኖሮ ደብዳቤው ምን ይጐድለው ነበር?

መልመጃ 2፡- የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች አርሙ

1. ጫማዬን አጥልቆ ወደ ሜዳው ሄድሁ።
2. ወንድሜ ከወናጎ መጥቼ ከእኔ ጋር ሮጠ።
3. ውድድሩን ፈጽመን፣ ውኃ ጠጥተን፣ በጥላ ሥር ዐርፈን።

መልመጃ 3፡- ሁለተኛውን ደብዳቤ፣ ተቀባይዋ ሴት እንደ ሆነች አድርጋችሁ «ውድ እኅቴ» ብላችሁ ጀምራችሁ እንደገና ጻፉት። «ልጠይቅህ»፣ «ታውቅ እንደ ሆነ»፣ «አደረግህ» የሚሉትና የመሳሰሉት እንዴት እንደሚለወጡ አስተውሉ።

መልመጃ 4፡- ድርሰት

የበቆጂው ተማሪ እናንተ ናችሁ እንበል። ለዲላው ሯጭ ከ150 እስከ 200 ቃላት ያለው መልስ ጻፉለት። ለጠየቃችሁ ለሁለቱም ጥያቄዎች መልስ ስጡ፤ ቢያንስ አንድ ጥያቄም እናንተ ጠይቁት። ሐኪም አይደላችሁምና ስለ ቅልጥሙ ሕመም መድኃኒት አትዘዙ፤ ለሐኪም ወይም ለስፖርት መምህሩ እንዲያሳይ ብትመክሩት ይበቃል። ከሁሉ በላይ ግን ደብዳቤውን ስትጽፉ አንድ ነገር አስቡ፤ ይህ ልጅ በሚመጣው ሰኞ ማለዳ ጫማውን ያጠልቅ እንደ ሆነ ወይም አልጋው ላይ ይቀር እንደ ሆነ ገና አልወሰነም።