በቤት መያዣ ክርክር የክስ ማመልከቻን ስለ ማሻሻል

ገንዘብ አበድሮ ቤት በመያዣ የተቀበለ ነጋዴ፥ የመክፈያው ቀን ባለፈ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚከሰው በችኮላ ነው። ባለዕዳው ንብረቱን እንዳያሸሽበት ስለሚፈራ ውሉን ይዞ ወደ ጠበቃ ይሄድና ዋናውን ገንዘብ ብቻ አስቈጥሮ ክስ ያስጽፋል። ክርክሩ ከተጀመረ በኋላ ግን ወለዱ ሳይጠየቅ እንደ ቀረ ይታወቃል። እንዲህ ያለው ነጋዴ «ይህን ካሸነፍሁ በኋላ የቀረውን በሌላ ክስ እጠይቃለሁ» ያለ እንደ ሆነ በብርቱ ይጎዳል።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቍጥር 216፥ ከሳሽ ከአንድ ምክንያት የሚመነጨውን መብቱን ሁሉ በአንድ ክስ አጠቃሎ እንዲያቀርብ ያዛል። ከዚያ ከፍሎ ያስቀረውን በኋላ ተመልሶ ሊጠይቅ አይችልም። ለምሳሌ 2 ሚሊዮን ብር ከመቶ 9 ወለድ ያበደረ ሰው፥ የሦስት ዓመቱ ወለድ ብቻ 540,000 ብር ይሆናል። ይህን ያህል ገንዘብ በአንድ መስመር ጕድለት ሊቀር ይችላል ማለት ነው። በዚያው ቤት ላይ የተሰጠ ሁለተኛ ብድር ግን በራሱ ውል የቆመ ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ ራሱን የቻለ የክስ ምክንያት ሊሆን ስለሚችል ጠበቃው ሁለቱን ውሎች ጐን ለጐን አድርጎ መመርመር አለበት።

ለተረሳው ነገር መድኃኒቱ በዚያው ሕግ በቍጥር 91 ይገኛል። ፍርድ ቤቱ ፍርድ ከመስጠቱ በፊት በማናቸውም ጊዜ፥ ተከራካሪው የክርክሩን ጽሑፍ እንዲያሻሽል ሊፈቅድለት ይችላል። «ሊፈቅድ ይችላል» የሚለው ቃል ልብ ይባል፤ ነገሩ ፈቃድ እንጂ የከሳሹ መብት አይደለም። ዳኛው የሚመለከተው፥ የተጨመረው ነገር እውነተኛውን ክርክር ለመወሰን የሚያስፈልግ መሆኑንና በሌላው ወገን ላይ ኪሣራ ሊካስ የማይችል ጕዳት የማያደርስ መሆኑን ነው። ምስክር ከተሰማ በኋላ የመጣ ጥያቄ፥ በመጀመሪያው ቀጠሮ ከቀረበው ይልቅ ብዙ ማስረዳት ይጠይቃል።

ስለዚህ ማመልከቻው «ክሴን ላሻሽል» በሚል አጭር ቃል ብቻ መቅረብ የለበትም። የቀድሞው አንቀጽ የትኛው እንደ ሆነ፥ በምን እንደሚተካ፥ የሚጨመረው ገንዘብ ስንት እንደ ሆነ፥ ቀድሞ ያልቀረበበትም ምክንያት ተለይቶ መጻፍ አለበት፤ ማስረጃው ይያያዛል። ለተጨመረው ገንዘብ የዳኝነት ዋጋ ይከፈላል፤ ተከሳሹም መልስ እንዲሰጥ ዕድል ይሰጠዋል። (በእውነቱ ይህ ነገር ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በችሎት ሳይሆን፥ የብድሩ ወረቀቶች በተለያየ መሳቢያ ተበትነው በተቀመጡበት በመደብሩ ጽሕፈት ቤት ነው።)

የገንዘቡ ማደግ የፍርድ ቤቱን ሥልጣንም ሊነካ ይችላል። በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 1234 መሠረት የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሚያየው የገንዘብ ክርክር እስከ 10 ሚሊዮን ብር ያለውን ነው። በ9 ሚሊዮን ብር ክስ ላይ የ1 ሚሊዮን ተኩል ሁለተኛ ብድር የሚጨምር ነጋዴ፥ መዝገቡ ከዚያ ችሎት ሊወጣ እንደሚችል አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

ተከሳሹም ቢሆን መልሱን እንዲያሻሽል ሊፈቀድለት ይችላል። በመጀመሪያ ዕዳውን ብቻ ክዶ የነበረ ባለዕዳ፥ በኋላ የመያዣው ውል ራሱ ጕድለት እንዳለበት ሊያገኝ ይችላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 3045፥ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና ዋስትና የተሰጠበትን ገንዘብ መጠን በኢትዮጵያ ገንዘብ እንዲገልጽ ያስገድዳል፤ በቍጥር 3052 ደግሞ መያዣው ውጤት የሚኖረው ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ ነው። ይህ መከላከያ ዕዳውን አይሰርዝም፤ ነገር ግን ባለገንዘቡ በቤቱ ሽያጭ ላይ የነበረውን ቀዳሚነት አጥቶ እንደ ሌሎቹ ባለገንዘቦች ተራ ጠያቂ ይሆናል።

ፈቃድ ያገኘው ወገን የተሻሻለውን ጽሑፍ ፍርድ ቤቱ በወሰነለት ጊዜ ውስጥ ሳያቀርብ የቀረ እንደ ሆነ፥ ጊዜው ካልተራዘመለት በቀር ፈቃዱ ይቀርበታል፤ ክርክሩም በቀድሞው ጽሑፍ ይቀጥላል።